የመኪና ጥም ከየት ይጀምራል?

ሁለት ሰዎች መኪና ሊቀይሩ ነው እንበል። የአንደኛው መኪና ነዳጅ እንደ ውኃ ይጠጣል፤ በ1 ሊትር ቤንዚን የሚሄደው 5 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። እሱን ሸጦ በሊትር 7 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሊገዛ ነው። የሌላኛው መኪና ድሮም ቆጣቢ ነው፤ በሊትር 15 ኪሎ ሜትር ይሄድለታል። አሁን ሃይብሪድ (በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የሚሠራ መኪና) ገዝቶ በሊትር 25 ኪሎ ሜትር ሊሄድ አስቧል። ሁለቱም በዓመት 15,000 ኪሎ ሜትር ይነዳሉ። ብዙ ነዳጅ የሚያድነው የትኛው ነው?

ጥያቄውን ድንገት የሰማ ሰው "ሁለተኛው" ማለቱ አይቀርም። ከ15 ወደ 25 መዝለል ከ5 ወደ 7 ፈቀቅ ከማለት በጣም ይበልጣላ! ግን እስቲ እናስላው። የመጀመሪያው ሰው በዓመት 3,000 ሊትር ይቀዳ ነበር። አሁን 2,143 ሊትር ይበቃዋል። 857 ሊትር ተረፈው ማለት ነው። ሁለተኛው 1,000 ሊትር ይቀዳ ነበር፤ አሁን 600 ይበቃዋል። የተረፈው 400 ሊትር ነው። የመጀመሪያውን ሰው ግማሽ እንኳ አልደረሰም።

በ2008 ሪቻርድ ላሪክና ጃክ ሶል የተባሉ የአሜሪካው ዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰዎች በዚህ ስሌት እንዴት እንደሚሳሳቱ ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ አሳይተዋል። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ችግሩ ያለው አጠያየቃችን ላይ ነው። "በሊትር ስንት ይሄዳል?" ብለን እንጠይቃለን። መጠየቅ የነበረብን "100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ስንት ሊትር ይፈጃል?" ብለን ነው። እንዲህ ሲጠየቅ ነገሩ ወለል ብሎ ይታያል። የመጀመሪያው ሰው ከ20 ሊትር ወደ 14.3 ወረደ። ሁለተኛው ከ6.7 ወደ 4 ወረደ። አውሮፓ ውስጥ ፍጆታ የሚለካው በዚህ መንገድ ነው። አሜሪካም ከ2013 ሞዴሎች ጀምሮ አዲስ መኪና ላይ በሚለጠፈው መግለጫ ውስጥ 100 ማይል ስንት ጋሎን እንደሚፈጅ እንዲጻፍ አድርጋለች።

በዚህ ስሌት የጀመርኩት ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የተንጠለጠለው እሱ ላይ ስለሆነ ነው። ትልቁ ቁጠባ ያለው በጣም የሚጠጡት መኪኖች ዘንድ ነው። ቆጣቢውን የበለጠ ቆጣቢ ማድረግ ጥሩ ነው፤ ጠጪውን ልከኛ ማድረግ ግን እጥፍ ያተርፋል። ስለ ታክስም ሆነ ስለ ሕግ ስናወራ "ይህ ነገር ጠጪዎቹን ይነካል ወይ?" ብለን መጠየቅ አለብን።

ሊትሩ የት ይገባል?

አንድ ሊትር ቤንዚን ሲያዩት ትንሽ ነገር ነው። በውስጡ ያለው ጉልበት ግን 9 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ይህን ከሰው ጉልበት ጋር እናስተያየው። አንድ ጠንካራ ሰው 8 ሰዓት ሙሉ ሲለፋ የሚሠራው ሥራ በዚሁ ልኬት 0.6 ያህል ነው። ስለዚህ በአንዲት የሊትር ጠርሙስ ውስጥ የ15 ቀን የሰው ላብ ታሽጎ ተቀምጧል ማለት ነው። ይህን ጉልበት ተፈጥሮ ለማጠራቀም ሚሊዮን ዓመታት ፈጅቶባታል። እኛ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እናቃጥለዋለን። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ነዳጅን የማየው እንደ ተራ ሸቀጥ አይደለም።

የሚያሳዝነው ደግሞ አብዛኛው ጉልበት ሥራ ላይ አለመዋሉ ነው። የቤንዚን ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ የሚበልጠው በሙቀት መልክ ይባክናል። ገሚሱ በራዲያተሩ፣ ገሚሱ በጭስ ማውጫው ይወጣል። ከተማ ውስጥ ሲነዳ ጎማ ድረስ የሚደርሰው ከአምስት አንድ እጅ ገደማ ነው።

ጎማ ጋር የደረሰችውን ያችን ትንሽ ጉልበት ደግሞ የሚሻሟት አሉ። አንደኛው ክብደት ነው። ሁለት ቶን ተኩል የሚመዝን መኪና ከቆመበት ለመነሳት የሚፈልገው ጉልበት አንድ ቶን ከሩብ ከሚመዝነው እጥፍ ነው። ፍሬን በተያዘ ቁጥር ያ ጉልበት ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። መብራት ላይ ቆመው ሲነሱ፣ ቆመው ሲነሱ፣ በየጊዜው አዲስ ጉልበት ይገዛል። ሃይብሪድ መኪና ከተማ ውስጥ የሚያዋጣው ለዚህ ነው፤ ፍሬን ሲያዝ ከሚባክነው ጉልበት የተወሰነውን ወደ ባትሪ ይመልሰዋል።

ሌላው ተሻሚ አየር ነው። አየር ከተማ ውስጥ ብዙም አያስቸግርም። ረጅም መንገድ ላይ ግን ዋናው ባላንጣ እሱ ነው። የአየር ግፊት ከፍጥነት ጋር አብሮ በቀጥታ አይጨምርም፤ በካሬው ነው የሚጨምረው። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ይነዳ የነበረ ሰው ወደ 120 ቢያሳድገው፣ ለዚያው ርቀት አየርን ለመግፋት ብቻ 78 በመቶ ተጨማሪ ጉልበት ያወጣል። ፊቱ ሰፊና ቁመቱ ረጅም የሆነ መኪና ደግሞ የሚገፋው አየር ብዙ ነው። ግዙፍ ኤስዩቪ ከሁለቱም ወገን የሚመታው ለዚህ ነው። ከተማ ውስጥ ክብደቱ ያስጠጣዋል፣ አገር አቋራጭ መንገድ ላይ ቁመናው ያስጠጣዋል።

ነጂው ምንም ማድረግ አይችልም ማለት አይደለም። ጎማን በልኩ መንፋት፣ ፍጥነትን መቀነስ፣ ረጅም ሰዓት ሲቆሙ ሞተር ማጥፋት፣ ጣሪያ ላይ ያለ ባዶ ዕቃ መጫኛን ማንሳት፣ ሁሉም ይጠቅማሉ። ግን ልብ እንበል። በጣም ጥንቁቅ ሰው የሚነዳው ከባድ መኪና በግድየለሽ ሰው እጅ ካለች ትንሽ መኪና በላይ ሊጠጣ ይችላል። የመኪናው ጥም በአብዛኛው የሚወሰነው በተገዛበት ቀን ነው። ሰውዬው ፈርሞ ቁልፉን ሲቀበል የ15 ዓመት የነዳጅ ፍጆታ አብሮ ፈርሟል። በየሳምንቱ ማደያ ሄዶ የሚከፍለው የዚያን ቀን ውሳኔ ዕዳ ነው።

ታዲያ ይህ የአንድ ሰው የኪስ ጉዳይ ብቻ ለምን አይሆንም? ዓለም በቀን ወደ 100 ሚሊዮን በርሜል የነዳጅ ዘይት ትጠቀማለች። አንድ በርሜል 159 ሊትር ነው። ከዚያ ውስጥ ግማሽ የሚጠጋው የሚያልቀው አስፋልት ላይ ነው። እያንዳንዱ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። (አንድ ሊትር ቤንዚን ራሱ አንድ ኪሎ አይሞላም። ካርቦኑ ሲቃጠል ከአየሩ ኦክስጅን ስለሚወስድ ነው ጭሱ ከነዳጁ የሚከብደው።) የዚህን ጭስ ጉዳት ነዳጁን የቀዳው ሰው ብቻ አይሸከመውም። መንገድ መጨናነቁም፣ አገር ለነዳጅ ግዢ የሚያወጣው የውጭ ምንዛሪም እንዲሁ የጋራ ሸክም ነው። የነዳጅ ታክስ ዋናው ምክንያትም ይኸው ነው። ሌላው ላይ የሚወድቀውን ወጪ ወደ ቀጂው መመለስ።

ታክሱ ምን ይሠራል፣ ምን አይሠራም?

የነዳጅ ታክስ ሲወለድ ለቁጠባ ተብሎ አልነበረም። በ1919 የአሜሪካዋ ኦሪገን ግዛት በጋሎን 1 ሳንቲም ታክስ ጣለች። በዚያች አገር የመጀመሪያው ነበር። ዓላማው መንገድ መሥሪያ ገንዘብ ማግኘት ነው። ሐሳቡ ግልጽና ፍትሐዊ ነው፤ ብዙ የነዳ ብዙ ይከፍላል። ከባድ መኪና ብዙ ስለሚጠጣ ደግሞ ከቀላሉ የበለጠ ይከፍላል።

በኋላ ነው ታክሱ ሌላ ሥራም እንደሚሠራ የታየው። ነዳጅ ሲወደድ ሰው ይቆጥባል። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው ቅር የሚሰኝበት ነገር አለ። "ነዳጅ ጨመረ ተባለ፤ መንገዱ ግን እንደ ትናንቱ በመኪና ተጨናንቋል። ታዲያ ታክሱ ምን ፈየደ?" ይላል። ትክክል ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ብዙም ለውጥ አይታይም። ሰው ሥራ መሄድ አለበት፣ ልጅ ትምህርት ቤት መድረስ አለበት፣ መኪናውም ያው ያለው መኪና ነው። መቀነስ የሚችለው ጥቂት ጉዞ ብቻ ነው።

ለውጡ የሚመጣው ቀስ ብሎ ነው። መኪና የሚቀይርበት ጊዜ ሲደርስ ሰውዬው ስለ ፍጆታው ይጠይቃል። ቤት ሲከራይ ከሥራ ቦታው ርቀቱን ያሰላል። ፋብሪካዎች ሰው የሚጠይቀውን ያያሉ፤ ቀጣዩን ሞዴል አነስ ያደርጉታል። የአውቶቡስና የባቡር መስመር ተሳፋሪ ያገኛል። ይህ ሁሉ ከ5 እስከ 15 ዓመት ይፈጃል። የኢኮኖሚ ባለሙያዎች የአጭርና የረጅም ጊዜ ምላሽን ለይተው የሚያሰሉት ለዚህ ነው። የረጅም ጊዜው ምላሽ ከአጭሩ ብዙ እጥፍ ይበልጣል።

አውሮፓንና አሜሪካን ጎን ለጎን ማየት ይህን ያሳያል። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ቤንዚን ላይ የሚጥለው ታክስ በጋሎን 18.4 ሳንቲም ነው፤ በሊትር ሲታሰብ 5 ሳንቲም አይሞላም። ከ1993 ጀምሮ አልተነካም። የኑሮ ውድነት እየጨመረ ሲሄድ ታክሱ ባለበት ስለቆመ በእውነተኛ ዋጋው እየቀለለ መጥቷል። ግዛቶቹ የየራሳቸውን ይጨምሩበታል፤ ያም ሆኖ ድምሩ ትንሽ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ለአባል አገሮቹ ወለል አስቀምጧል። በሊትር ቤንዚን ከ35.9 ዩሮ ሳንቲም በታች መጣል አይቻልም። ከአሜሪካው ፌዴራል ታክስ ሰባት እጥፍ በላይ መሆኑ ነው፤ ብዙዎቹ አገሮች ደግሞ ከወለሉ በላይ ይጥላሉ። በሁለቱ አህጉሮች መንገዶች ላይ የሚታዩት መኪኖች መጠን ለምን እንደተለያየ ሲጠየቅ አንዱ ትልቅ መልስ ይህ ነው። ልዩነቱ በአንድ ሌሊት አልመጣም። ትውልድ ፈጅቶበታል።

ታክስ ሲጣል ግን ቀዳዳው መታየት አለበት። ብዙ የአውሮፓ አገሮች ናፍጣ ላይ ከቤንዚን ያነሰ ታክስ ጣሉ። ሰዉም ወደ ናፍጣ መኪና ጎረፈ። በሊትር ብዙ ይሄዳል፣ እውነት ነው። ግን ከተሞቹ በናይትሮጅን ኦክሳይድ ጭስ ታፈኑ። በ2015 ደግሞ ቮልስዋገን የናፍጣ መኪኖቹን የጭስ ምርመራ በሶፍትዌር ሲያጭበረብር ተያዘ። የዋጋ ልዩነት ሰውን ወደሚገፋበት አቅጣጫ አስቀድሞ አለማየት እንዲህ ያስከፍላል።

የ1973ቱ ድንጋጤና የሕጉ ቀዳዳ

በጥቅምት 1973 የአረብ ነዳጅ ላኪ አገሮች በእስራኤል ጦርነት ሳቢያ ለአሜሪካና ለኔዘርላንድ ዘይት አንሸጥም አሉ። 3 ዶላር ገደማ የነበረው የአንድ በርሜል ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 12 ዶላር ተጠጋ። ኔዘርላንድ እሑድ እሑድ መኪና መንዳት ከለከለች። ሰው በአውራ ጎዳናው ላይ በብስክሌትና በእግሩ ተንሸራሸረ። አሜሪካ ማደያዎች ላይ ሰልፉ ረዘመ። በ1974 መጀመሪያ በመላ አገሪቱ ከፍተኛው ፍጥነት በሰዓት 55 ማይል፣ ማለትም 88 ኪሎ ሜትር ገደማ እንዲሆን ተደነገገ።

ቀጥሎ የመጣው ሕግ ከሁሉም በላይ ሠራ። በ1975 የአሜሪካ ምክር ቤት ለመኪና ፋብሪካዎች ግዴታ አስቀመጠ። በዓመት የምትሸጧቸው የቤት መኪኖች ፍጆታ በአማካይ ሲታይ በ1985 በጋሎን 27.5 ማይል መድረስ አለበት አላቸው። በሊትር 11.7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በወቅቱ ከነበረው በእጥፍ የሚሻል ማለት ነው። ፋብሪካዎቹ አይቻልም ብለው ነበር። ግን መኪኖቹ ቀለሉ፣ ሞተሮቹ አነሱ፣ ፍጆታው በጥቂት ዓመት ውስጥ በጣም ወረደ። ነዳጅ ቢረክስም ባይረክስም ሕጉ ስለማይለወጥ ነው የሠራው። ይህ የሕግ ትልቅ ጥቅሙ ነው።

በ1978 ደግሞ ሌላ ሕግ ወጣ። አንድ አዲስ የቤት መኪና በጋሎን ከ22.5 ማይል በታች የሚሄድ ከሆነ (በሊትር 9.6 ኪሎ ሜትር ገደማ) ፋብሪካው ወይም አስመጪው ልዩ ታክስ ይክፈልበት ተባለ። ዛሬ ከ1,000 ዶላር ይጀምርና በጣም ለሚጠጣው 7,700 ዶላር ይደርሳል። ለእኔ ይህ ከሁሉም ይበልጥ ብልህ ሐሳብ ነው። ውሳኔው የሚወሰንበትን ቀን ነው የሚነካው። ሰውዬው ገና ቁልፉን ሳይቀበል "ይህ መኪና ጠጪ ነው፤ እወቀው" ይለዋል።

ግን ቀዳዳ ነበረው። ትልቅ ቀዳዳ። ፒክአፕ፣ ኤስዩቪና ሚኒቫን ከዚህ ታክስ ነጻ ተደረጉ። በዚያ ዘመን እነዚህ መኪኖች ጥቂት ነበሩ፤ በአብዛኛው ዕቃ የሚጭኑ፣ ለእርሻና ለግንባታ የሚሠሩ ናቸው ተብለው ይታሰቡ ነበር። በ1975ቱ ሕግ ውስጥም የተመደቡት "ቀላል የጭነት መኪና" ተብለው፣ ከቤት መኪና በላላ ደረጃ ነው። ፋብሪካዎቹ ነገሩን ለመረዳት ጊዜ አልወሰደባቸውም። ግዙፍ የቤት መኪና ሠርቶ ታክስ ከመክፈልና ጠበቅ ካለው ደረጃ ጋር ከመታገል፣ በጭነት መኪና ሻንሲ ላይ ሰፊ ወንበር ገጥሞ ለቤተሰብ መሸጥ ይሻላል። ትርፉም ከፍ ያለ ነው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የሆነው ይኸው ነው። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ከሚሸጡት አዳዲስ የግል መኪኖች ሦስት አራተኛ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆኑት በ"ቀላል የጭነት መኪና" ስም የሚጠሩ ናቸው። ልጆችን ትምህርት ቤት የሚያደርሱ የጭነት መኪኖች!

የስፖርት መኪና ገዢ ታክሱን ይከፍላል፤ ከእሱ እኩል ወይም ከእሱ በላይ የሚጠጣ ኤስዩቪ የገዛ ግን ምንም አይከፍልም። ይህ ልክ አይደለም። በኋላ የመጣው ማሻሻያም ነገሩን አላቃናውም። ከ2012 ሞዴሎች አካባቢ ጀምሮ የፍጆታ ግዴታው በመኪናው ስፋት ላይ የተመሠረተ ሆነ። በአራቱ ጎማዎች መካከል ያለው ቦታ ሲሰፋ ግዴታው ይላላል። ስለዚህ መኪናውን ማቅለል ከባድ ከሆነ ማስፋት መፍትሔ ሆነ። በ2025 ደግሞ ግዴታውን ያላሟላ ፋብሪካ የሚከፍለው ቅጣት በሕግ ወደ ዜሮ ወረደ። ሕጉ አለ፤ ጥርሱ ግን ወልቋል።

ይህ የአሜሪካ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2023 በዓለም ላይ ከተሸጡት አዳዲስ መኪኖች ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ኤስዩቪ ነበር። ሞተሮች በየዓመቱ እየተሻሻሉ ነው። የተሻሻለው ግን በከፊል ክብደት ለመሸከም ዋለ። ከሞተሩ የተረፈውን ብረቱ በላው።

ተቃራኒውን መንገድ የያዙም አሉ። ጃፓን ከ1949 ጀምሮ ኬይ የምትላቸው ትንንሽ መኪኖች አሏት። ዛሬ ባለው ደንብ ሞተራቸው ከ660 ሲሲ፣ ርዝመታቸው ከ3.4 ሜትር፣ ስፋታቸው ከ1.48 ሜትር አይበልጥም። ይህን ያሟላ መኪና በየዓመቱ የሚከፍለው ታክስ አነስተኛ ነው። ሰው ተገዶ አይደለም የገዛቸው፤ ተጠቅሞባቸው ነው። እዚያ ከሚሸጡት አዳዲስ መኪኖች ከሦስት አንዱ ገደማ ኬይ ነው። ጃፓን መንገዷም ጠባብ ስለሆነ ሁሉም አገር እንዲህ ይሆናል አልልም። ግን ሕግ መኪናን ማሳነስ እንደሚችል ያሳያል።

ኖርዌይ ደግሞ ግዢው ላይ በረታች። አዲስ መኪና ሲመዘገብ ታክሱ በክብደቱና በሚለቀው ካርቦን ይሰላል። በጣም የሚጠጣ ከባድ መኪና ላይ ታክሱ ዋጋውን ክፉኛ ያንረዋል። የኤሌክትሪክ መኪኖች ግን ለዓመታት ከዚህ ነጻ ነበሩ። ውጤቱን ለመገመት አይከብድም። በ2024 ኖርዌይ ውስጥ ከተሸጡት 10 አዳዲስ መኪኖች ወደ 9 የሚጠጉት የኤሌክትሪክ ነበሩ። የሚገርመው ኖርዌይ ራሷ ዘይት ሻጭ አገር መሆኗ ነው።

የማን ኪስ?

እዚህ ጋ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። ስለ ነዳጅ ታክስ ስናወራ በጣም የሚያመው ክፍል ይህ ስለሆነ ነው።

አዲስ መኪና የሚገዛው ማነው? ገንዘብ ያለው ሰው ነው። ከ5 ወይም ከ8 ዓመት በኋላ ያችኑ መኪና የሚገዛው ደግሞ አቅሙ ያነሰ ሰው ነው። ከ12 ዓመት በኋላ ሦስተኛ ሰው ይገዛታል፤ ምናልባትም በሌላ አገር። ሁለተኛውና ሦስተኛው ሰው ገበያ ላይ ካገኙት መካከል ነው የሚመርጡት። ገበያ ላይ የሚያገኙት የመጀመሪያው ሰው የመረጠውን ነው። ባለጸጋው ከ10 ዓመት በፊት ግዙፍ መኪና ወድዶ ገዛ፤ ዛሬ ለጥሟ የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ ማደያ ላይ ብቻ የሚጣል ታክስ ያልመረጠውንም ሰው ይቀጣል። አዲስ ሲገዛ የሚከፈል ታክስ የሚያርፈው ግን መራጩ ላይ ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ ብዬ አምናለሁ። ማደያውን ብቻ ይዞ ግዢውን መተው ግን ድሃውን ማስከፈል ነው።

ፈረንሳይ ይህን በመራራ መንገድ ነው ያየችው። መንግሥት ከጥር 2019 ጀምሮ የነዳጅ ታክስ ሊጨምር አቅዶ ነበር። በኅዳር 2018 ሰዉ ቢጫ ሰደርያ ለብሶ አደባባይ ወጣ። አብዛኞቹ ከትልልቅ ከተሞች ርቀው የሚኖሩ፣ አውቶቡስ የማያገኙ፣ ያለ መኪና ሥራ መድረስ የማይችሉ ሰዎች ነበሩ። ጭማሪው ቀረ። የሰዎቹ ቁጣ ከቁጠባ ጋር ጠብ ስላለው አልነበረም። ምርጫ ሳይሰጣቸው ክፈሉ በመባላቸው ነው።

ከዚህ የተሻለ መንገድ ሞክረው ያዩ አሉ። የካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በ2008 ነዳጅ ላይ የካርቦን ታክስ ጀመረች። በቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ 10 ዶላር ብላ ጀምራ በየዓመቱ 5 ዶላር እየጨመረች በ2012 30 አደረሰችው። ጭማሪው አስቀድሞ የታወቀ ስለነበር ሰውም ድርጅትም ሊዘጋጅበት ቻለ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተሰበሰበው ገንዘብ በሌላ መንገድ ይመለስ ነበር። የገቢ ግብር ተቀነሰ፤ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆኑ ቤተሰቦች ደግሞ ድጋፍ ተሰጠ። የተራ ሸማቹን የሚመለከተው ታክስ በ2025 ቀርቷል። ግን ከ15 ዓመት በላይ ሲሠራ ቆይቷል።

ኢራን ከታክስ ሳይሆን ከድጎማ በኩል ነው የመጣችው። ነዳጅ እዚያ በድጎማ በጣም ርካሽ ነበር። ድጎማ ለድሃ የሚጠቅም ይመስላል። ግን ብዙ የሚቀዳው ማነው? ትልቅ መኪና፣ ሁለት መኪና ያለው ሰው ነው። የዓለም የገንዘብ ድርጅት ባለሙያዎች ብዙ ታዳጊ አገሮችን አይተው እንዳሰሉት፣ ከነዳጅ ድጎማ ባለጸጋው አንድ አምስተኛ ሕዝብ የሚያገኘው ድሃው አንድ አምስተኛ ከሚያገኘው በአማካይ ስድስት እጥፍ ነው። በታኅሣሥ 2010 ኢራን ድጎማውን ቀነሰች፤ በኮታ የሚሸጠው ቤንዚን በአንድ ጊዜ አራት እጥፍ ተወደደ። ከዚያ በፊት ግን ለቤተሰቦች በባንክ ሒሳባቸው ገንዘብ አስገብታ ነበር። ሰዉ ገንዘቡን አስቀድሞ ስላየ በጊዜው ብዙ ሁከት አልተነሳም። ችግሩ የመጣው በኋላ ነው። የገንዘቡ መጠን ሳይለወጥ የኑሮ ውድነት በላው።

ከሦስቱም ልምዶች የምወስደው አንድ ነገር አለ። ነዳጅን ማስወደድ የሚቻለው ገንዘቡ ለሰዉ በሚታይ መንገድ ሲመለስና አማራጭ ሲኖር ነው። ጭማሪው አነስተኛ፣ የተነገረና የማይቋረጥ ይሁን። አንድ ቀን ጠዋት ሰውን የሚያስደነግጥ አይሁን።

አንድ ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል። "መኪኖች ቆጣቢ ከሆኑ ሰው የበለጠ ይነዳል፤ ታዲያ ምን ተረፈ?" እንግሊዛዊው ዊልያም ስታንሊ ጄቮንስ በ1865 ስለ ድንጋይ ከሰል ይህንኑ ብሎ ነበር። የእንፋሎት ሞተር ቆጣቢ ሲሆን የከሰሉ ፍጆታ ጭራሽ ጨመረ አለ። ለመኪና ሲሆን ነገሩ በከፊል እውነት ነው። ጉዞ ሲረክስ ሰው ትንሽ ይጨምራል። ግን የሚመለሰው ከተቆጠበው ትንሹ ክፍል ነው፤ የሚበልጠው ይተርፋል። ደግሞም ሰው በቀን መንዳት የሚችለው የተወሰነ ሰዓት ነው። ቁጠባና ታክስ አብረው መሄድ ያለባቸው አንዱም ለዚህ ነው። ሞተሩ ፍጆታውን ሲቀንስ፣ ታክሱ ጉዞው በጣም እንዳይረክስ ይይዘዋል።

ኤሌክትሪኩ ሲመጣ

የኤሌክትሪክ መኪና ማደያ አይሄድም። ስለዚህ የነዳጅ ታክስ አይከፍልም። የሚነዳው ግን በዚያው መንገድ ላይ ነው። መኪኖች ወደ ኤሌክትሪክ በዞሩ ቁጥር የመንገድ ገንዘብ ይሳሳል።

እዚህ ላይ እንደገና ቀድማ የመጣችው ኦሪገን ናት። በ1919 የነዳጅ ታክስ የጀመረችው ግዛት፣ በ2015 ፈቃደኛ ነጂዎች በነዱት ማይል ልክ የሚከፍሉበትን አሠራር ጀመረች። መነሻው በማይል 1.5 ሳንቲም ነበር። ኒውዚላንድም ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ የኤሌክትሪክ መኪኖች በኪሎ ሜትር እንዲከፍሉ አድርጋለች።

ለመንገድ ገንዘብ ይህ ጥሩ ነው። ለቁጠባ ግን የሚያሳስበኝ ነገር አለው። በኦሪገን አሠራር የማይሉ ክፍያ ለሁሉም አንድ ነው። ትንሿ መኪናም ሦስት ቶን ሊሞላ የደረሰው ኤስዩቪም ለአንድ ማይል እኩል ይከፍላሉ። የድሮው የነዳጅ ታክስ ማንም ሳያዘው ጠጪውን ከቆጣቢው ይለይ ነበር። አዲሱ አይለይም። ኤሌክትሪክ ራሱ ከሰማይ አይወርድም፤ ከባድ መኪና የኤሌክትሪክም ቢሆን ብዙ ይፈጃል፣ ትልቅ ባትሪ ይፈልጋል፣ ጎማ ቶሎ ይጨርሳል። ኖርዌይ ይህን አይታ በ2023 የኤሌክትሪክ መኪኖችንም በክብደታቸው ማስከፈል ጀምራለች። በኪሎ ሜትር የሚያስከፍሉት አገሮችም ክብደቱን ሒሳቡ ውስጥ ለማስገባት ጊዜው አሁን ነው። የመኪኖቹ ቁጥር ገና ትንሽ ነው፤ ፋብሪካዎቹም የሚቀጥለውን ሞዴል መጠን ገና እየወሰኑ ነው።